ስፔሰር ወይስ ሌላ ቸርኬ? ለስፖርት መኪና የትኛው ይሻላል

ስፔሰር የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለት ምክንያት አለው። አንዱ መልክ ነው። ጎማው ከፓራፋንጎው ወደ ውስጥ ገባ ሲል መኪናው የአባቱን ኮት የለበሰ ልጅ ይመስላል። ትንሽ ወጣ ሲል ደግሞ ቆፍጠን ይላል። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ሁለተኛው ምክንያት «ኩርባ ላይ መሬት ይይዛል» የሚለው ነው። ይሄኛው እውነትነት አለው፤ ግን ሻጮች የሚያወሩለትን ያህል አይደለም። አንዳንድ መኪና ላይ እንዲያውም ያበላሻል።

ስፔሰር በሞዞውና (ቸርኬው የሚታሰርበት፣ ከጎማው ጋር የሚዞረው የመሃል ክፍል) በቸርኬው መካከል የሚገባ ክብ አሉሚኒየም ነው። ሥራው ጎማውን ወደ ውጭ መግፋት ብቻ ነው። በየጎኑ 15 ሚሊሜትር ካስገባችሁ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋት በ30 ሚሊሜትር ይጨምራል። የቸርኬው ኦፍሴት (ከሞዞው ጋር የሚገጥመው ፊቱ ከቸርኬው ስፋት መሃል ያለው ርቀት በሚሊሜትር) 45 ከነበረ 30 ሆነ ማለት ነው።

አሁን ይህ 30 ሚሊሜትር ምን እንደሚያመጣ እናስላ። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና ውሰዱ። የክብደት ማዕከሉ ከመሬት 50 ሴንቲሜትር፣ የጎማዎቹ ስፋት 1.55 ሜትር ይሁን። መኪናው በ1 ጂ (የራሱን ክብደት በሚያህል የጎን ኃይል) ሲታጠፍ ከውስጠኛዎቹ ጎማዎች ወደ ውጨኛዎቹ 484 ኪሎ ገደማ ይዛወራል። አራቱም ጎማ ላይ 15 ሚሊሜትር ስፔሰር ሲገባ ቁጥሩ ወደ 475 ይወርዳል። የ9 ኪሎ ልዩነት ነው፤ 2 በመቶ ቢሆን ነው። የክብደት ማዕከሉን በ20 ሚሊሜትር ዝቅ ብታደርጉት ግን ወደ 465 ይወርዳል፤ ትርፉ እጥፍ ነው። ጥሩ ጎማ መግዛት ደግሞ ከሁለቱም የበለጠ ይሰማል። ስለዚህ ጎማችሁ ያረጀ ከሆነ ስፔሰሩን እርሱት፤ ገንዘቡን እዚያ ላይ አውሉት።

ሌላም ነገር አለ። ጎማው ወደ ውጭ ሲወጣ ሞላውን የሚጫንበት ክንድ ይረዝማል። በብዙ መኪኖች ላይ ያው ሞላ ትንሽ የለሰለሰ ያህል ይሆናል። «ሰፋ ካለ ኩርባ ላይ አያዘነብልም» ብሎ የጠበቀ ሰው ያሰበውን ያህል የማያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

መሪው ላይ የሚመጣው ለውጥ

ዋናው ጉዳይ ያለው እዚህ ነው። መሪ ስናዞር የፊት ጎማው የሚዞርበት የማይታይ ዘንግ አለ። ይህ ዘንግ ወደ ታች ቢቀጥል መሬቱን የሆነ ቦታ ላይ ይነካል። ከዚያ ነጥብ እስከ ጎማው መሃል ያለው ርቀት ስክራብ ራዲየስ ይባላል። መሐንዲሶች ይህን ርቀት በሚሊሜትር እየቆጠሩ ነው የሚወስኑት። 15 ሚሊሜትር ስፔሰር ስታስገቡ ጎማው በዚያው 15 ሚሊሜትር ከነጥቡ ወደ ውጭ ይወጣል።

ውጤቱ ቶሎ ይታወቃል። ስታቆሙ መሪው ይከብዳል። የተቦረቦረ መንገድ ላይ መሪው እጃችሁ ውስጥ ይንገዋለላል። አንዱ ጎማ እርጥብ፣ ሌላው ደረቅ አስፋልት ላይ ሆኖ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል። አውዲ 80 በ1972 ሲወጣ ዘንጉ መሬት የሚነካበትን ነጥብ ሆን ብሎ ከጎማው መሃል ወደ ውጭ ያደረገው እንዲህ ያለው መሳብ ራሱን በራሱ እንዲያርም ነው። ስፔሰር የሚሄደው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው።

በፊት ጎማ የሚነዱና ጉልበት ያላቸው መኪኖች ላይ ደግሞ ይብሳል። ነዳጅ ሲረገጥ መሪው ወደ ጎን እንዳይጎተት ፋብሪካዎች ብዙ ለፍተዋል። የ2009ኙ ፎርድ ፎከስ አርኤስ፣ ሬኖ ሜጋን አርኤስ፣ ከ2015 ወዲህ ያለው ሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አር፣ ሁሉም የመሪውን ዘንግ ከሾኩ ለይተው ወደ ጎማው መሃል የሚያቀርብ የተለየ የፊት እግር ተሠርቶላቸዋል። የዚህ ሁሉ ድካም ግብ ያቺን ርቀት ማሳጠር ነበር። ወፍራም ስፔሰር መልሶ ያስረዝማታል። እነዚህ መኪኖች ፊት ላይ ከ5 ሚሊሜትር በላይ እንድታስገቡ አልመክርም። ባታስገቡ ደግሞ የተሻለ ነው።

ቸርኬ መቀየርስ?

«ስፔሰር መኪና ያበላሻል፣ ዝቅ ያለ ኦፍሴት ያለው ቸርኬ ግን ችግር የለበትም» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ ስህተት ነው። ኦፍሴቱ 30 የሆነ ቸርኬ ብትገጥሙም ጎማው የሚቆመው ያው ቦታ ላይ ነው። መሪው ላይ የሚሰማው ያው ነው። ኩሽኔታው ላይ የሚጨመረው ጫናም ያው ነው። ቸርኬ የሚያሸንፈው በሌላ በኩል ነው። በመካከል ተጨማሪ ብረት የለም፣ የሚላላ ተጨማሪ ነገር የለም፣ ስትመርጡ ደግሞ ቀለል ያለና ሰፋ ያለ ማግኘት ትችላላችሁ። ሰፊ ጎማ የሚፈልግ ሰው ስፔሰር አይረዳውም፤ ቸርኬ ነው የሚያስፈልገው። አንድ ነገር ግን አስቡበት። ኦፍሴቱ ሳይቀየር ስፋቱ በግማሽ ኢንች ሲጨምር በውስጥም በውጭም 6 ሚሊሜትር ገደማ ይገፋል። የውስጡን ሾክ እንዳይነካ ማየት ያስፈልጋል።

ዋጋው ደግሞ አይወዳደርም። ያላችሁን ቸርኬ ከወደዳችሁትና የሚጎድላችሁ አንድ ሴንቲሜትር ከሆነ አራት አዲስ ቸርኬ መግዛት ትርጉም የለውም።

ውፍረቱ ሲመረጥ

ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ያለው ቀጭኑ ነው። ጥቅሙ ብዙውን ጊዜ ትልቅ የፍሬን ካሊፐር (የፍሬኑን ዲስክ የሚጨብጠው ክፍል) ቸርኬውን እንዳይነካ ማድረግ ነው። አነዳዱን አይቀይርም ማለት ይቻላል። ፖርሸ ራሱ ለአንዳንድ 911 ሞዴሎች 5 ሚሊሜትር ስፔሰር ከፋብሪካ በአማራጭነት ሰጥቷል፤ ከነረዘም ያሉ ብሎኖቹ።

ከ7 እስከ 10 ሚሊሜትር ያለው የሚያስቸግር መጠን ነው። ቸርኬ ሞዞው መሃል ላይ ባለ ከንፈር ላይ ተቀምጦ ነው መሃሉን የሚያገኘው። 5 ሚሊሜትር ሲገባ ከከንፈሩ ብዙ ጊዜ የሚተርፍ አለ። 8 ሲገባ የሚተርፈው በጣም ትንሽ ነው፤ ስፔሰሩ የራሱን ከንፈር እንዲያወጣ ደግሞ ሥጋው አይበቃም። ቸርኬው በብሎኖቹ ብቻ ይንጠለጠልና ከፍ ባለ ፍጥነት መሪው ይንቀጠቀጣል። በዚህ ልክ የምትገዙ ከሆነ የራሱ ከንፈር ያለው መሆኑን በዓይናችሁ አይታችሁ ግዙ።

ከ12 እስከ 20 ያለው የኔ ምርጫ ነው። የራሱ ከንፈር አለው፣ በረዘሙ ብሎኖች በቀጥታ ከሞዞው ጋር ይታሰራል። የመሃሉ ቀዳዳ ግን ከመኪናችሁ ጋር ልክ መሆን አለበት። ቮልስዋገን 57.1፣ ብዙ መርሴዲስና አውዲ 66.6፣ የቆዩት ቢኤምደብሊው 72.6፣ ፖርሸ 71.6 ሚሊሜትር ነው። ብሎኑ በስፔሰሩ ውፍረት ልክ መርዘም አለበት። 15 ሚሊሜትር ከገባ 15 ሚሊሜትር የረዘመ ብሎን ነው። ካጠረ ጥርሱ በቂ አይይዝም። ከረዘመ ደግሞ ከሞዞው ጀርባ ወጥቶ ሌላ ነገር ሊመታ ይችላል። የብሎኑ አንገት ቅርጽም ይታይ። ቮልስዋገን፣ አውዲና ፖርሸ ፋብሪካ ቸርኬዎች ላይ ክብ አንገት ነው የተለመደው፤ ቢኤምደብሊው ላይ ሾጣጣ ነው። ካልገጠመ ብሎኑ የጠበቀ ይመስላችኋል፤ ግን አልያዘም።

ከ20 እስከ 30 ያለው የራሱን ብሎን ይዞ የሚመጣው ነው። መጀመሪያ ስፔሰሩ ከሞዞው ጋር፣ ከዚያ ቸርኬው ከስፔሰሩ ጋር ይታሰራል። ሊላሉ የሚችሉ ብሎኖች እጥፍ ሆኑ ማለት ነው። የውስጠኛዎቹን ለማጥበቅ ደግሞ በየጊዜው ቸርኬውን ማውረድ ግድ ነው። ጥሩ ተሠርቶ በልኩ ከታሰረ ይሠራል። ለአነዳድ ብሎ የሚገዛው ሰው ግን ምን እንደሚያገኝበት አይገባኝም። ለመልክ ከሆነ ከኋላ ብቻ አድርጉት።

ለሁሉም ዓይነት መኪና እንዲገጥም ብዙ ቀዳዳ ተበስቶለት «ለማንኛውም መኪና ይሆናል» የሚለውን ርካሽ ነገር አትንኩት። መሃሉን የሚይዝበት ነገር የለውም።

ፊት ወይስ ኋላ?

የኋላውን ብቻ ማስፋት የኋላውን ያረጋጋል። መኪናው ግን ኩርባ ላይ ፊቱ ወደ ውጭ የመሄድ ዝንባሌው በትንሹ ሊጨምር ይችላል። የፊቱን ማስፋት ፊቱ ቶሎ እንዲነክስ ሊረዳ ይችላል፤ ከላይ ያነሳሁትን የመሪ ዋጋ ግን ያስከፍላል። ሁለቱም ለውጦች ትንሽ ናቸው። ፊቱ ወደ ውጭ እየሄደ ያስቸገራችሁ ሰዎች አላይመንትና (የጎማዎቹን አቅጣጫና ዘንበል ማስተካከል) ጠንከር ያለ የኋላ ስታቢላይዘር (ኩርባ ላይ ማዘንበልን የሚቀንሰው ዘንግ) ብትሞክሩ ቶሎ ትረካላችሁ። በኋላ ጎማ ለሚነዳ ስፖርት መኪና ልምረጥ ብባል ከኋላ 15፣ ከፊት 5 ወይም ምንም አላደርግም።

ሲገጠም የሞዞው ዝገት ተፍቆ ይውጣ፤ ትንሽ ዝገት እንኳን ቸርኬውን ያዛንፋል። ብሎኑ በቶርክ መፍቻ፣ የመኪናው አምራች ባስቀመጠው ልክ ይጥበቅ። 100 ኪሎሜትር ገደማ ከተነዳ በኋላ እንደገና ይፈተሽ።

ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ለኩ። ቀጥ ያለ ዘንግ ከላይ ከፓራፋንጎው ጠርዝ አንጠልጥላችሁ እስከ ጎማው ያለውን ክፍተት ያዙ። መሪውን እስከ መጨረሻ አዙሩት፤ መኪናው ተጭኖ ዝቅ ሲልም ጎማው የሚያርፍበትን ተመልከቱ። ክፍተቱ 18 ሚሊሜትር ከመጣ 15 እዘዙ፤ 18 አይደለም።