ለባሕር ዛፍ 1,700 ብር ከፈልኩ

ትናንት እሁድ ነበር። የጫማዬ ጭቃ ገና አልደረቀም። ንዴቴም እንደዚያው።

የቴሌግራም የሀይኪንግ ግሩፖችን ታውቋቸዋላችሁ። ከላይ በድሮን የተነሳ ጫካ፣ መሃል ላይ «የቀረን ቦታ ጥቂት ነው»፣ ከታች የቴሌብር ቁጥር። ፓኬጁም ያው ነው፤ ትራንስፖርት፣ ቁርስ፣ ምሳ፣ ውሃ፣ መግቢያ፣ አስጎብኚ፣ ፎቶ። የዚህኛው ልዩነት «አድቬንቸር» የምትል ቃል ጨምሯል። መናገሻ ሱባ ደን እንገባለን፣ ወጨጫ ተራራ እንወጣለን፣ «የገመድ አድቬንቸር» ይኖራል። ለአንድ ሰው 1,700 ብር። እህቴ ከሐዋሳ መጥታ ስለነበር የሁለታችንን 3,400 ብር ላክሁ። ደረሰኝ አልጠየቅሁም።

ሳምንቱን ሙሉ ስለ ሱባ ሳነብ ነው የከረምኩት። ባስ ውስጥም እህቴን አላስቀመጥኳትም። ጥዱና ዝግባው ስንት መቶ ዓመት እንዳስቆጠረ፣ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዘሩን ከሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው አስተከሉት እንደሚባል፣ የወጨጫ ጫፍ 3,385 ሜትር እንደሆነ፣ የምኒልክ ድኩላና ጉሬዛ እንዳለ። «ጉሬዛ ለማየት ነው ከሐዋሳ የመጣሁት? እኛ ጋ በነጻ ነው» አለችኝ። ልክ ነበረች።

ጠዋት 12 ሰዓት ተባልን፣ 2 ሰዓት ተኩል ተነሳን። ይሄ የተለመደ ነው። ቁርሱ አንድ አንድ ቦምቦሊኖ ሆነ። እሱንም ይቅር ብያለሁ።

ሰበታን አልፈን ብዙም ሳንሄድ ባሱ ከአስፋልቱ ወጥቶ ቆመ። ውረዱ ተባልን። በር የለም፣ ጥበቃ የለም፣ ትኬት የሚቆርጥ ሰው የለም። ያኔ መንቃት ነበረብኝ። አርባ ደቂቃ ያህል በእርሻ ዳር ከተጓዝን በኋላ ዛፎች መሃል ገባን። ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው አስጎብኚ አንዱን ግንድ እንደ ፈረስ መታ መታ አደረገና «እነዚህን ዛፎች ያስተከሏቸው አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው» አለ።

ግንዱ ቀጥ ያለ ነው። ቅርፊቱ ተልጦ ተንጠልጥሏል። ባሕር ዛፍ ነው!

አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ጉንፋን በያዘኝ ቁጥር እናቴ የምታጥነኝ በዚሁ ቅጠል ነው። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ ወደ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን፣ ዘርዓ ያዕቆብ ከሞቱ ከ400 ዓመት በላይ ቆይቶ እንደሆነም አውቃለሁ። ታዲያ ምን አደረግሁ? ራሴን ነቀነቅሁ። ይባስ ብዬ ግንዱን አቅፌ ፎቶ ተነሳሁ። «አየሽ፣ ያልኩሽ ይሄ ነው» አልኳት እህቴን።

እሷ አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አደረገች። «ቪክስ ቪክስ አይሸትሽም?»

አጠገባችን አንድ ልጅ ላሞች ይጠብቃል። «ሱባ ይሄ ነው አይደል?» አልኩት። ሳቀ። በዱላው ወደ ማዶ ጠቆመ። ሩቅ ነው፤ ጥቁር አረንጓዴ ተራራ፣ አናቱ ላይ ጉም የተቀመጠበት። «ሱባ ያ ነው። ይሄ የአያቴ ባሕር ዛፍ ነው። ለአጣና ሊሸጠው ነው።»

ወደ አስተባባሪዋ ሄድኩ። መነጽሯን እንኳ አላወለቀችም። «መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ባስ አይገባም» አለች። ታዲያ ለምን ሳንነሳ አልነገራችሁንም? የመግቢያው ብርስ? ትከሻዬን ዳበስ አደረገችኝ። «የኔ እናት፣ ዛፍ ያው ዛፍ ነው። አየሩ ንጹህ አይደል?» ከዚያ ወደ ፎቶ አንሺው ዞር ብላ «ዛሬ ሳይንቲስት ጭነናል» አለችው። ሁለቱም ሳቁ።

ያቺ ሳቅ ከ3,400ው ብር በላይ ታንገበግበኛለች። ሌሎቹ ተጓዦች ያግዙኛል ብዬ ነበር። አንዱ «እህት፣ እሁዳችንን አታበላሺብን» አለኝና ስፒከሩን ከፍ አደረገው። እስክስታው ቀጠለ። ወጨጫ እዚያ ማዶ ቆሞ ያየናል።

«የገመድ አድቬንቸሩስ?» ብዬ ጠየቅሁ፣ እልህ ይዞኝ። ገመድ አመጡ። ለሁለት ከፍለውን ጉተታ አጫወቱን። ቡድኔ ተሸነፈ።

ማታ ብሬን መልሱልኝ ብዬ ጻፍኩላቸው። አይተው ዝም አሉ። ዛሬ ጠዋት ከግሩፑ አስወጥተውኛል።

የምትሄዱ ካላችሁ ብሩን በሙሉ አስቀድማችሁ አትላኩ፤ ቀሪውን መግቢያው በር ላይ ደርሳችሁ ክፈሉ፤ የመግቢያ ደረሰኙንም በዓይናችሁ እዩ። በዚህ አንስማማም ካሉ ቅሩ።

እህቴ አሁንም ግሩፑ ውስጥ ናት። ለሚቀጥለው እሁድ ወንጪን ለጥፈዋል አለችኝ። ሐይቁን በጀልባ ተሻግሮ ደሴቱ ላይ ያለውን ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን መጎብኘት፣ ፈረስ ግልቢያ፣ ሁሉም በ2,200 ብር። የማንን ኩሬ ሊያሳዩ እንደሆነ እንጃ።