ለኤልክ አደን የቱ ካሊበር ይሻላል? 308፣ 30-06 ወይስ 300 ማግነም

አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው የምኖረው። የአደን ወቅት ሲቃረብ ስልኬ አያርፍም። «ኤልክ ላድን ነው፤ የቱን ጠመንጃ ልግዛ?» የሚል አዲስ አዳኝ አይጠፋም። ጥያቄው የካሊበር ነው፤ ማለትም ጠመንጃው የሚተኩሰው የጥይት ዓይነትና መጠን። ኤልክ ከአጋዘን ወገን ነው፤ ግን ግዙፍ ነው። ወንዱ 320 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፣ ሴቷ ደግሞ 225 ኪሎ አካባቢ። በሬ የሚያክል አውሬ ሲታሰብ ወዲያው ትዝ የሚለው ትልቅ ጥይት ነው። እኔም እንደዚያ አስቤ ተሳስቻለሁ።

የመጀመሪያ ጠመንጃዬ 300 ዊንቸስተር ማግነም ነበር። ሻጩ «ለኤልክ ከሆነ ከዚህ አትውረድ» አለኝ፤ አመንኩት። ልምምድ ላይ ሦስት ጥይት ተኩሼ ትከሻዬ በለዘ። ከዚያ በኋላ ቃታውን ሳልስብ ዓይኔን እጨፍን ጀመር። ለራሴ ግን አልታወቀኝም። ኦክቶበር ላይ አንዲት ሴት ኤልክ በ180 ያርድ (ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል) ጎኗን ሰጥታ ቆመችልኝ። ተኮስኩ። የመታኋት ሆዷን ነበር። እስኪመሽ ደሟን ተከትለን ሄድን። አገኘናት፤ ግን አራት ሰዓት ሙሉ ተሰቃይታለች። ያ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ወቅቱ ካለቀ በኋላ አብሮኝ የሚያድን አንድ ታላቄ ወደ መተኮሻው ሜዳ ወሰደኝ። ጋሼ ነው የምለው። «ፊትህን አዙር» ብሎ ጠመንጃዬን እሱ ያጎርሰው ጀመር። አንዳንዴ ደህና ጥይት፣ አንዳንዴ የተተኮሰ ባዶ ቀለህ ያገባል። የቱ እንደገባ አላውቅም። አነጣጠርኩና ቃታውን ሳብኩ። ቀጭ አለ እንጂ አልጮኸም። አፈሙዙ ግን ወደ ታች ድፍት አለ። «አየህ» አለኝ፣ «ኤልኳን የሳትካት ጠመንጃው ሳይጮህ ነው።»

ስለዚህ ካሊበር ስናወዳድር የአውሬውን ጎን ብቻ ሳይሆን የራሳችንን ትከሻም አብረን እንይ። ቁጥሮቹ እነሆ። የተለመዱ የፋብሪካ ጥይቶችን ነው የወሰድኩት። አረር የምለው ከአፈሙዙ ወጥቶ የሚሄደውን የጥይቱን ክፍል ነው። ግሬን የክብደቱ መለኪያ ነው፣ ፉት-ፓውንድ ደግሞ የጉልበት። የትከሻው ምት ስምንት ፓውንድ በሚመዝን ጠመንጃ የተገመተ ነው።

| ካሊበር | አረር (ግሬን) | ፍጥነት (ጫማ በሰከንድ) | ጉልበት (ፉት-ፓውንድ) | የትከሻ ምት (ፉት-ፓውንድ) |
|---|---|---|---|---|
| 6.5 ክሪድሞር | 143 | 2,700 | 2,315 | 13 |
| 270 ዊንቸስተር | 130 | 3,060 | 2,700 | 17 |
| 308 ዊንቸስተር | 165 | 2,700 | 2,670 | 17 |
| 30-06 | 180 | 2,700 | 2,910 | 20 |
| 300 ዊንቸስተር ማግነም | 180 | 2,960 | 3,500 | 27 |

308ን እና 300ን ብቻ አንስታችሁ አስተያዩ። ጉልበቱ የጨመረው በሲሶ ያህል ነው። ትከሻ ላይ የሚያርፈው ምት ግን ከግማሽ በላይ ጨምሯል። እኔን የጣለኝ ይኸው ልዩነት ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። 308፣ 30-06 እና 300 ማግነም የሚተኩሱት አረር ውፍረቱ አንድ ነው፤ 0.308 ኢንች። ልዩነቱ ከኋላ ያለው የባሩድ መጠን ነው። 30-06 የአሜሪካ ጦር በ1906 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) የተቀበለው ነው፤ «06» የምትለዋም ዓመቱ ናት። 308 በ1952 ሲመጣ ያንኑ ሥራ ከሞላ ጎደል ባጠረ ቀለህ ሠራው። የ30-06 ቀለህ 63 ሚሊሜትር ነው፣ የ308 ደግሞ 51። ቀለሁ ሲያጥር ጠመንጃውም ትንሽ ያጥራል፣ ትንሽም ይቀላል። ዘጠኝና አሥር ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ ትንፋሽ አጥሯችሁ ዳገት ስትወጡ ያቺ «ትንሽ» ትታወቃለች።

ታዲያ 30-06 ለምን ይገዛል? ከባድ አረር ለሚፈልግ ይመቻል። 180 ግሬኑን ያለ ችግር ይገፋል። ትንሽ ከተማ ውስጥ ያለች ሱቅ እንኳ ጥይቱን አታጣም። ትከሻው ለቻለ ሰው በአንድ ጠመንጃ አጋዘንም ኤልክም፣ ከኤልክ የሚገዝፈውን ሙስንም ያድንበታል።

270 ዊንቸስተር ከ1925 ጀምሮ ያለ ነው። አረሩ ቀለል ብሎ ይፈጥናል፤ ስለዚህ እስከ 300 ያርድ ድረስ ብዙ አይወርድም። ለኤልክ ከሆነ 130ውን ትቼ 150 ግሬን እይዝ ነበር።

6.5 ክሪድሞር በ2007 የወጣ አዲስ ነገር ነው። ትከሻ አይጎዳም፣ ኢላማ ላይ እጅግ ትክክለኛ ነው። ባለቤቴ የምትተኩሰው እሱን ነው፤ ከእኔ ትበልጣለች። ግን ብዙ አዳኞች አረሩ ኤልክ ላይ ሲያርፍ ቢያንስ 1,500 ፉት-ፓውንድ እንዲቀረው ይፈልጋሉ። ይህ ሕግ አይደለም፣ ልማድ ነው። ክሪድሞር 300 ያርድን አልፎ ሲሄድ ወደዚያ ልክ ይወርዳል። ከ250 ያርድ በታች ለመተኮስ ለራሱ ቃል የገባ ሰው ይያዘው።

300 ማግነም መጥፎ ጥይት አይደለም። በ1963 ከወጣ ጀምሮ ስንት ኤልክ ጥሏል። ሩቅ ሜዳ ላይ፣ ነፋስ እየነፈሰ፣ በደንብ የተለማመደ ሰው ከያዘው የሚያህለው የለም። የመጀመሪያ ጠመንጃ ሲሆን ነው ችግሩ።

የኮሎራዶ ሕግ ከብዙዎቻችን ግምት ይልቅ ዝቅ ያለ ነው። የአረሩ ውፍረት ከ0.24 ኢንች እንዳያንስ፣ ለኤልክ አረሩ ከ85 ግሬን እንዳያንስ፣ 100 ያርድ ላይ 1,000 ፉት-ፓውንድ እንዲቀረው ይጠይቃል። ከላይ ያሉት አምስቱም በቀላሉ ያልፋሉ። አረሩ ግን ሥጋ ውስጥ ሲገባ የሚከፈት ዓይነት መሆን አለበት። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ለልምምድ የሚሸጠው ርካሽ 308 አብዛኛውን ጊዜ አረሩ ጫፉ ድረስ በመዳብ የተሸፈነ ነው። አይከፈትም፤ ወግቶ ያልፋል። አውሬው ቆስሎ ይሄዳል፣ እናንተም ሕግ ትጥሳላችሁ። ሁለቱን ፓኮዎች በአንድ ቦርሳ አትያዙ።

እኔ አሁን የምጠቀመው እርሳስ የሌለው፣ ሙሉ መዳብ ሆኖ የሚከፈት የአደን አረር ነው። የኤልክ የትከሻ አጥንት ወፍራም ነው፤ መዳቡ አጥንት መትቶም አይበታተንም። ልጆቼ በሚበሉት ሥጋ ውስጥም የእርሳስ ፍንጣሪ አይቀርም። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ለአደን ግን በዓመት የሚያስፈልገው ጥቂት ነው።

«ይበላል ወይ?» የሚሉኝ እናቶችም አሉ። ሰኮናው የተሰነጠቀ ነው፣ ያመሰኳል። የጠመንጃ ወቅቱ ከኦክቶበር አጋማሽ ጀምሮ ስለሆነ ህዳር 15 የነቢያት ጾም ሳይገባ ጥብሱ ይደርሳል።

አገር ቤት ፈቃድ አውጥቶ የደጋ አጋዘን ለማደን ለሚያስብ ሰው መልሴ ይለያል። ባሌ ተራራ ላይ ተኩሱ ከሸለቆ ማዶ ሊሆን ስለሚችል ማግነሙ እዚያ ዋጋ አለው። ጎሽ ከሆነ ደግሞ ከ1912 ጀምሮ ያለው 375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ነው መነሻው።

የጥይት ዋጋንም አትርሱ። በአያቶቻችን ዘመን ጥይት እንደ ገንዘብ ገበያ ላይ ይሠራ ነበር፤ ጨው እንደሚሠራው ሁሉ። ተኩሶ መሳት ኪስ መቅደድ ነበር። ዛሬም የማግነም ፓኮ ስትገዙ ስሜቱ ይገባችኋል። ጥይቱ ሲወደድ ሰው ልምምድ ይቀንሳል። 308 በየቦታው ስለሚመረት ረከስ ይላል፤ ረከስ ሲል ብዙ ትተኩሳላችሁ። ለጀማሪ 308 የምለው አንዱ ምክንያቴ ይህ ነው።

300ውን ሸጥኩት። 308 ገዛሁና ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር በየሁለት ሳምንቱ ሃያ ሃያ ጥይት ተኮስኩ። ተቀምጬ፣ ተንበርክኬ፣ ዛፍ ተደግፌ። አንድ ቀን ጋሼ እንደገና «ፊትህን አዙር» አለኝ። ቃታውን ሳብኩ። ቀጭ አለ። አፈሙዙ ካለበት አልተነቃነቀም። ምንም ሳይናገር ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። በዚያው ኦክቶበር በ160 ያርድ አንዲት ኤልክ ከትከሻዋ ኋላ፣ ሳንባዋ ላይ መታኋት። ሠላሳ እርምጃ ያህል ሄዳ ወደቀች።