የፈተሽኩት ላፕቶፕ ሌላ፣ ተሸክሜ የገባሁት ሌላ

ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ደሴ ፒያሳ 56,500 ብር ከፍዬ ላፕቶፕ ገዛሁ። የዚያኑ ዕለት ማታ ያ ላፕቶፕ እኔ የመረጥኩት እንዳልሆነ አወቅሁ። ዛሬ ሰኞ ነው፤ ከሱቁ ተዋርጄ ከወጣሁ ገና ጥቂት ሰዓት ነው። ንዴቴ ሳይበርድ የምጽፈው ሆን ብዬ ነው። ከነገ ወዲያ "ለፈጣሪ ሰጥቻለሁ" ብዬ ዝም እንደምል ራሴን አውቀዋለሁ።

ሱቁን በስም አልጠራውም፤ ጉዳዩን ለንግድ መምሪያ ላመለክት ስለሆነ እዚያው ይጠራል። ዓይነቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በሩ ላይ የስልክ ከቨርና ቻርጀር የተንጠለጠለበት፣ ባንኮኒው ላይ ስድስት ሰባት ላፕቶፕ ተከፍቶ የተደረደረበት፣ "ስላይትሊ ዩዝድ (ብዙ ያልተሠራበት) ነው፣ ከዱባይ ነው፣ ንጹህ ነው" የሚባልበት፣ ዋጋ ስትጠይቁ ካልኩሌተር ላይ ጽፈው የሚያሳዩበት። ከጀርባ ደግሞ በመጋረጃ የተከለለች ጠባብ የጥገና ክፍል አለች። ያቺን መጋረጃ ልብ በሉልኝ።

ሥራዬ ፎቶ ማንሳት ነው፤ ሰርግ፣ ምርቃት፣ ክብረ በዓል። ጠዋት ደሴ ሙሽራውን አንስቼ፣ በሚዜዎቹ መኪና የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ሙሽሪት ቤት እገባለሁ። መንገድ ላይ ጭኔ ላይ አድርጌ የካሜራውን ካርድ ካልገለበጥኩ፣ የሰው ሰርግ እስከ ማታ በአንዲት ካርድ ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። አሮጌው ላፕቶፔ 15.6 ኢንች ነው፤ ከቻርጀሩ ጋር 3 ኪሎ ይጠጋል። ባለፈው መስከረም 21 ለንግሥ ግሸን ስወጣ እሱን፣ ሁለት ሌንስና ትራይፖድ ተሸክሜ ዳገቱ ላይ ትከሻዬ ተላጠ። ቀላል ላፕቶፕ እገዛለሁ ብዬ ከየሥራው ትንሽ ትንሽ ማስቀመጥ የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። የጎደለውን 15 ሺህ ባለቤቴ ከእቁቧ ሞላችልኝ።

ያሰብኩት ቲንክፓድ ኤክስ 1 ካርቦን ነበር፣ 6ኛው ትውልድ፣ በፈረንጅ የ2018 ስሪት። 14 ኢንች ሆኖ ክብደቱ 1.13 ኪሎ ገደማ ነው። በታይፕ ሲ ቻርጅ ስለሚደረግ መብራት ሲጠፋ አቅም ያለው ፓወር ባንክም ያስነሳዋል። የካሜራ ካርድ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም፤ ካርድ ሪደር ስላለኝ እሱ አላስጨነቀኝም። ዋናው ራሙ ነው፤ ማለትም የተከፈቱ ሥራዎችን የሚይዝበት ጊዜያዊ ማስታወሻው። የዚህ ላፕቶፕ ራም ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ ባለ 8 ጊጋውን ገዝቶ ኋላ 16 አደርገዋለሁ ማለት አይቻልም። ፎቶ የማቀናብርበት ፕሮግራም፣ ላይትሩም፣ ደግሞ በ8 ይነሳል እንጂ፣ ሙሉ ሰርግ በሮው ፋይል (ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ትልቅ ፋይል) ሲጫንበት ትንፋሹ ያጥራል። ላይትሩምን የሠራው ኩባንያ ራሱ 16 ይሁን ብሎ ይመክራል።

ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ቆሜ አንድ ሰዓት ሙሉ ፈተሽኩ። የላፕቶፑን አቅም የሚያሳየውን ታስክ ማናጀር ከፈትኩ፤ ራም 16። ፋይል የሚቀመጥበት ሲ ድራይቭ 476 ጊጋ፣ ያው 512 የሚባለው። ነጭ ምስል ከፍቼ ስክሪኑን በአራቱም ጥግ አየሁ፤ ቢጫ የለው፣ የሞተ ነጥብ የለው። የባትሪ ሪፖርት አወጣሁ፤ ሲሠራ 57 ዋት ሰዓት የነበረው አሁን 49 ይይዛል። ሪፖርቱን በስልኬ ፎቶ አንስቼ አዲስ አበባ ላለ ጓደኛዬ ላክሁለት፤ "ባትሪው ይህን ከያዘ ውሰደው" አለኝ። አንድ እንከን ብቻ አገኘሁበት። ክዳኑ ላይ፣ በግራ ጥግ፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል ጭረት አለች። ጥቁሩ ቀለም ተነስቶ ከሥሩ ግራጫው ይታያል፤ በአውራ ጣቴ ስነካት ትሻክራለች። በእሷ ሰበብ 58 ሺህ ያለኝን ወደ 56,500 አወረድኩት።

ከፈልኩ። በሞባይል ባንኪንግ፣ እዚያው ቆሜ። ባለሱቁ ገንዘቡ መግባቱን ስልኩ ላይ አየና "ሙባረክ ያድርግልህ ወንድሜ" አለኝ። ላፕቶፑን ለማንሳት እጄን ስዘረጋ ከጎኑ የነበረው ልጅ ቀደመኝ። "ቆይ፣ ፕሮግራም ልጫንልህ። ፎቶሾፑን፣ ላይትሩሙን፣ አማርኛ መጻፊያውን፣ ሁሉንም በነጻ። አሥር ደቂቃ ነው።" ራሴ እጭናለሁ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ባለሱቁ "አብሽር፣ ልጁ ጎበዝ ነው" ብሎ ወንበር ሳበልኝ፤ ከጎን ካለው ቤትም ሻይ አዘዘልኝ። ተቀመጥኩ። ልጁ ላፕቶፑን ዘጋ፣ ብብቱ ሥር ሸጎጠ፣ መጋረጃዋን ገልጦ ገባ።

አብሽር። እኛ እዚህ አገር ለታመመ፣ ለከፋው፣ ሐዘን ለደረሰበት ሰው የምንለው ቃል ነው። እኔን ያስቀመጠኝ እሱ ቃል ነው።

ሻዩን ጠጣሁ። ስለ ጥር ሰርግና ስለ ቤት ኪራይ አወራን፤ ልጆች እንዳሉኝ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ልጁ ሲወጣ ላፕቶፑን ከፍቶ፣ ስክሪኑን ወደኔ አዙሮ ነው፤ ፎቶሾፕ ተነስቶ ይታያል። "ጎበዝ" አልኩት። ከዚያ ዘጋው፤ በቢጫ ጨርቅ ክዳኑን ከላይ እስከ ታች ወለወለው። አዲስ ቦርሳ አወጣና ከተተው፣ ዚፑን ዘጋ። ቦርሳው ስጦታ ነው አሉኝ። ሁለቱንም ጨብጬ፣ አመስግኜ ወጣሁ።

ክዳኑን ሲወለውል ዓይኔ እያየ ነበር። ጥቁር፣ ጥርት ያለ፣ ጭረት የሚባል የሌለበት። አጽድተውልኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ቀለም የተነሳበት ቦታ በጨርቅ ተወልውሎ እንደማይጠፋ ሕፃን ልጅ ያውቃል። በዚያች ጭረት 1,500 ብር ያስቀነስኩት እኔው፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የት ሄደች ብዬ አልጠየቅሁም። ከገንዘቡ እኩል የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

ማታ ቤት ገብቼ ያለፈውን ሳምንት ሰርግ፣ 1,400 ፎቶ፣ ላይትሩም ላይ አስገባሁ። ሦስተኛዋን ፎቶ ሳልጨርስ ደረቀ። ፕሪቪው እየሠራ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። አሁንም ደረቀ። ታስክ ማናጀር ከፈትኩ። 8.0 ጊጋ። ሲ ድራይቭን አየሁ። 237። ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ላፕቶፑን ዘጋሁና አውራ ጣቴን በግራ ጥግ አሳለፍኩ። ልስልስ አለብኝ። አምፖሉ ሥር ወስጄ አየሁ፣ በስልኬ መብራት ፈለግሁ፣ በቀኙም ጥግ ፈለግሁ። የለችም። የባትሪ ሪፖርት አወጣሁ፤ 31 ይላል። የባትሪው ሲሪያል ቁጥርም ቀን ፎቶ ካነሳሁት ጋር አይገናኝም። ባለቤቴ ምን ሆንክ አለችኝ፤ መልስ አጣሁ።

እሁድ ዝግ ነው። ዛሬ ጠዋት ሳይከፍቱ ደረስኩ።

"ላፕቶፑ ተቀይሯል። እኔ የፈተሽኩት 16 ነበር" አልኩት።

"አንተው ፈተሽክ፣ አንተው ይዘህ ሄድክ" አለኝ። ቅዳሜ ሻይ ያዘዘልኝ ሰው ነው።

ጭረቷን ነገርኩት። "ታዲያ ጭረት የሌለው ስለሰጠንህ ነው የምትከሰን?" አለ። የባትሪውን ሪፖርት ፎቶ አውጥቼ ስልኬን ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም፤ ቀና ብሎም አላየው። "ፎቶ አንሺ አይደለህ እንዴ? ፎቶ ማቀናበር ሥራህ ነው" አለኝ። ልጁ ሳቀ። ከቨር ሊገዙ የገቡ ሁለት ወጣቶችም ሳቁ።

በዚህ ከተማ 12 ዓመት ፎቶ አንስቻለሁ። ስንቱ ቤት ገብቼ የሙሽራ ወርቅ ከተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ብቻዬን ተትቻለሁ። ስንት ሰው እናቱ ሲሞቱበት እኔ ያነሳኋቸውን ፎቶ በሌሊት ደውሎ ጠይቆኝ፣ ፈልጌ ልኬለታለሁ። አንድም ሰው ዋሽተሃል ብሎኝ አያውቅም። ዛሬ እንጀራዬን መስደቢያ አደረጉት።

ድምፄን ከፍ ሳደርግና ሰው ሲሰበሰብ ባለሱቁ ለስለስ አለ። "አብሽር ወንድሜ፣ 7 ሺህ ጨምርና ራሙን 16 አድርገን እንስጥህ።" የተበየደ ራም እንዴት አድርገው ነው የሚጨምሩት? 16 ሊያደርጉት የሚችሉበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ከመጋረጃው ጀርባ ያስቀሩትን የኔኑ ላፕቶፕ ማምጣት። ገንዘቡን የከፈልኩበትን ዕቃ ሁለተኛ ሊሸጡልኝ ነው። ይህንኑ ስነግረው "ደረሰኝህን አውጣ" አለኝ። አወጣሁ። በእስክሪብቶ "ሌኖቮ ላፕቶፕ፣ 1" ይላል። ራም የለ፣ ሲሪያል የለ። ከሥሩ በማኅተም "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" ተመትቶበታል። ጣቱን እዚያ ላይ አደረገና ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ።

ማኅተሙ እንዳያስፈራችሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ አስለውጡ ወይም ገንዘባችሁን አስመልሱ ይላል። እኔ 3ኛ ቀኔ ላይ ነኝ፤ ነገ ጠዋት ማመልከቻዬን፣ የባንኩን ማረጋገጫና ሁለቱን የባትሪ ሪፖርቶች ይዤ እሄዳለሁ። እናንተ ከከፈላችሁ በኋላ ዕቃው ከዓይናችሁ አይራቅ፤ ፕሮግራም ቤታችሁ ጫኑ። ራሙንና ሲሪያል ቁጥሩን ደረሰኙ ላይ ሳታስጽፉ ብር አትላኩ።

ሐሙስ ኮምቦልቻ ሰርግ አለብኝ፤ ያንኑ አሮጌውን ተሸክሜ ነው የምወርደው። አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሰሞኑን ፒያሳ ኤክስ 1 ካርቦን ፍለጋ የገባ ሰው ካለ፣ ክዳኑን በግራ ጥግ በአውራ ጣቱ ይዳብስልኝ። የሩዝ ፍሬ የምታክል ሻካራ ነገር ካገኘ፣ ባትሪው 49 ከያዘ፣ ያ የኔ ነው። አትግዙት፤ ሲሪያል ቁጥሩን ፎቶ አንሱና ላኩልኝ።