የክራር ሲንት ፕለጊን ልትገዙ ነው? ባለ 49 ዶላሩ ወይስ ነጻው

ደብረ ብርሃን ያላችሁ ጓደኞቼ ስለ ሲንት ፕለጊን (የመሳሪያ ድምጽ በኮምፒውተር ስለሚያወጣ ፕሮግራም) "የቱን እንግዛ" እያላችሁ በየሳምንቱ ስለምትደውሉ አንዴ ጽፌው ልረፍ። መልሴ ሰርጅ ኤክስቲ የሚባለው ነጻ ሲንት ነው፣ አውርዱት፣ ዋጋው ዜሮ ብር።

እኔ የገዛሁት ሌላ ነው፣ ስሙን አልጠራም። ማስታወቂያው "በዓለም የመጀመሪያው፣ በፊዚክስ የሚሰራ፣ የራሳችን ግኝት" ይላል። 49 ዶላር። ከሐምሌ 2016 በፊት ቢሆን 2,800 ብር ገደማ ነበር፣ እኔ የገዛሁት ግን ዶላሩ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ስለሆነ ከ6,000 ብር በላይ ወጣብኝ፣ እሱንም ውጭ ያለች የአክስቴ ልጅ በካርዷ ከፍላልኝ ነው። 6,000 ብር እኮ ብር ነው!

ከዛ ሞላሌ ያደጉ፣ ክራር ሲመቱ የኖሩ አንድ ጋሼ ቤት መጥተው ሰሙትና "አንተ ልጅ፣ ወፍራሙ ደህና ነው፣ ቀጭኗ ክር ግን አልተቃኘችም" አሉኝ። በቱነር ሳየው እውነታቸውን ነው። ለሻጮቹ ጻፍኩ፣ "ባህሪው ነው" አሉኝ። ሶስት ቀን ሴቲንግ ስነካካ ከርሜ ፎልደሩን ስከፍት አንዲት የላይሰንስ ጽሁፍ አገኘሁ፣ ኮዱ ከሰው ነጻ ኮድ የተወሰደ ነው፣ ዘዴውም የካርፕለስና የስትሮንግ የሚባለው፣ የክር ድምጽ በስሌት የሚሰራው ነው ትላለች።

ይሄ ዘዴ በፈረንጆች 1983 የወጣ ነው። አጭር የጫጫታ ድምጽ በአንድ መንገድ ላይ እየዞረ በየዙሩ ጎረቤት ቁጥሮች አማካያቸው ይወሰዳል፣ ቀጭን ቀጭኑ ድምጽ ቀድሞ ይሞታል፣ ልክ እንደተመታ ክር። ችግሩ የመንገዱ ርዝመት ሙሉ ቁጥር መሆኑ ነው። በሴኮንድ 44,100 ናሙና (ኮምፒውተር ድምጽ የሚጽፍባቸው ቁጥሮች) ሲሰራ ወፍራም ድምጽ ላይ፣ 220 ሄርዝ፣ መንገዱ 200 ናሙና ያህል ነው፣ ቀጭኑ 880 ላይ ግን 50 ብቻ፣ እዛ ላይ አንዷ ናሙና ብትጨመር ድምጹ የግማሽ ቶን ሲሶ ያህል ይዘላል። የጋሼ ቀጭን ክር ማለት ይሄ ነው። መድሃኒቱንም ዴቪድ ጃፌና ጁሊየስ ስሚዝ በዛው በ1983 ጽፈውታል! ሻጮቹ "የካርፕለስና የስትሮንግ ዘዴ ነው" ብለው ቢሸጡ ኖሮ ጉድለቱንም ማስተካከያውንም ሳልገዛ በፊት አነብ ነበር። "በዓለም የመጀመሪያው" የሚለውም ልክ አይደለም፣ ያማሃ ቪኤል1ን፣ በፊዚክስ ስሌት የሚሰራ ኪቦርድ፣ በፈረንጆች 1994 ሸጧል።

ነጻ ኮድ ወስዶ መሸጥ ላይሰንሱ ከፈቀደ ጥፋት የለውም። እኔን ያናደደኝ ማስታወቂያው ላይ "የራሳችን" ብሎ የሰዎቹን ስም ማንም የማይከፍተው ፎልደር ውስጥ መደበቅ ነው።

ሰርጅ ላይ ትዊስት የሚባል ክፍል አለ፣ ውስጡ የክር ሞዴል አለው። ኤሚሊ ዢሌ ፕሌይትስ ለተባለ መሳሪያ ከጻፈችው ኮድ እንደመጣ ራሳቸው ይናገራሉ። ስሙን ይዛችሁ ፈልጉ፣ ዋናው ኮድ ክፍት ነው፣ የሚያስተምሩ ቪዲዮዎችም ታገኛላችሁ። የጋሼን የትዝታ ዜማ በሱ ደግሜ ሰራሁት፣ ቀጭኗም ክር ተቃኘች።

ፒያኖ ለምትፈልጉ ፒያኖቴክ ይከፈልበታል፣ ግን መሞከሪያው ነጻ ስለሆነ (20 ደቂቃ ይሰራል፣ አንዳንድ ቁልፎቹ ዝም ይላሉ) ሳትከፍሉ ስሙት።

በገና ለምትጠይቁኝ ግን የገዛሁትም ሰርጅም አይሆኑም፣ የእንዝራው (ከክሩ ስር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ) ንዝረት የላቸውም። ማይክ ይዛችሁ ደርዳሪ ጋ ሂዱ።