ከቅዳሜ ገበያ ጀርባ ያለችው የአሮጌ መኪና ዕቃ ቤት

ባሕር ዳር ተቀምጦ ቮልስ ወይም ፊያት የሚነዳ ሰው ዕቃ ሲጎድለው የሚሰማው ምክር የታወቀ ነው። "አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ የመኪና ዕቃ ገበያው ሰው ላክ" ይሉታል። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው እንግዲህ። የተላከው ሰው መኪና የማያውቅ ከሆነ ደግሞ ስሙ አንድ ሆኖ ለሌላ ሞዴል የተሠራ ዕቃ ይዞ ይመጣና ብሩም ጊዜውም ውኃ ይበላዋል። እኔ አሁን መጀመሪያ የምሄደው ከቅዳሜ ገበያ ጀርባ ወዳለችው ቤት ነው። ታፔላ የላትም፣ ስለዚህ ስም አትጠይቁኝ። በሯ ቆርቆሮ ነው፣ ደጃፏ ላይ ሸራ ተነጥፏል፣ ሸራው ላይ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን)፣ ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻ)፣ የዛገ ቸርኬ (የጎማ ብረት)፣ ፓራፋንጎ (የጎማ መከለያ ቆርቆሮ) ተደርድሯል። ቅዳሜ ጠዋት ቁራሌው የሰበሰበውን እዚያ ያራግፋል። ጋራዥ ያላቸውም የተረፋቸውን ይዘው መጥተው ይሸጣሉ፣ ይለዋወጣሉ።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። የቮልስ ዕቃ ለመለየትና ለመግዛት በከተማችን ከዚህ የተሻለ ቦታ አላየሁም። ለላዳና ለፊያት ዓይናችሁን ከፍታችሁ ሂዱ። ጎማ ነክና የኤሌክትሪክ ዕቃ ግን ባትገዙ ይሻላል።

ቤቷን የወደድኳት ባለቤቱ ታሪክ ስለማይሸጥ ነው። የአሮጌ ዕቃ ሻጭ ወሬ ይወዳል። አንዱ ሌላ ቦታ "ይሄ ስፖኪዮ ጃንሆይን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ቮልስ ነው" ብሎኛል። ያንኑ ወሬ ከሌላ ሻጭም ሰምቻለሁ፣ ያቺ መኪና ስንት ስፖኪዮ እንደነበራት እንጃ። የዚህች ቤት ባለቤት ጋሼ ግን መነጽራቸውን ያደርጉና ዕቃውን ገልብጠው ቁጥር ይፈልጋሉ።

የቮልስ ኦሪጅናል ዕቃ ላይ ሦስት ሦስት ሆኖ የተጻፈ 9 አሃዝ ይገኛል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ዕቃው ለየትኛው መኪና እንደተሠራ ይናገራሉ። 111 ወይም 113 ከሆነ የትንሿ ቮልስ ነው፣ 211 ከሆነ የኮምቢ፣ የሚኒባሷ ቮልስ። አራተኛው አሃዝ ደግሞ የት እንደሚገባ ነው፤ 1 ሞተር፣ 3 ካምቢዮ፣ 6 ቸርኬና ፍሬን፣ 8 ቦዲ፣ 9 ኤሌክትሪክ። ይህን ያወቀ ሰው "የካምቢዮ ነው" ተብሎ የቦዲ ማያዣ አይሸጥለትም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ቁጥሩ የሚናገረው ዕቃው መጀመሪያ ለማን እንደተሠራ ነው። በኮምቢ ሞተር ላይ 111 ወይም 113 የሚል ብታዩ ሌላ ሰው የገጠመው ነው ብላችሁ አትደንግጡ፣ ፋብሪካው ራሱ ሁለቱም ላይ ይጠቀምበት ነበር።

ቁጥር ከሌለ ቆጠራ አለ። ቮልስ ድሮ 6 ቮልት ነበረች፣ በኋላ 12 ሆነች። ሞተሪኖው የሚነክሰው ትልቁ ጥርሳም ክብ ብረት በ6 ቮልቷ 109 ጥርስ፣ በ12 ቮልቷ 130 ጥርስ አለው። ጋሼ በጠመኔ ምልክት አድርገው ደንበኛውን ራሱን ያስቆጥሩታል። "ወንድምዓለም፣ እኔን አትመን፣ ቁጠር" ይላሉ። ቸርኬም እንዲሁ ነው፣ የድሮዋ በ5 ቡሎን ትታሰራለች፣ የኋለኛዋ በ4።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዓመተ ምሕረት ነው። ሻጭ "የ58 ሞዴል ናት" ሲላችሁ በማን አቆጣጠር ብላችሁ ጠይቁ። ሊብሬ ላይ ያለው የፈረንጅ ነው። የኛ 58 ደግሞ ለፈረንጆቹ 1965 መጨረሻና 1966 ነው። በመሃል ያለው ልዩነት ለቮልስ ትልቅ ነው። የፈረንጅ 58 ሞዴል የኋላ መስታወቷ ከእንቁላሉ ቅርጽ ወደ ሰፊው የተቀየረባት ናት። የኛ 58 ከሆነች 6 ቮልት ሊያበቃ፣ ባለ 4 ቡሎኑ ቸርኬ ሊመጣ ጥቂት ዓመት ነው የቀረው። ጋሼ የሚሸጡት ዕቃ ላይ "ፈ" ወይም "ኢ" ብለው በቀለም ይጽፋሉ። ትንሽ ነገር ናት፣ ግን ሌላ ሱቅ አይቼ አላውቅም።

የፊት መብራት ስትገዙ መስታወቱን ወደ ፀሐይ አንሱት። አገራችን እስከ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም በግራ ነበር የሚነዳባት። ከዚያ በፊት የገባ መኪና መብራት መስታወቱ ላይ ያለው ሽንሽን ብርሃኑን ወደ ግራ ዳር እንዲያነሳ ተደርጎ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ብትገጥሙት ማታ ከፊት የሚመጣውን ባለ ባጃጅ ዓይኑን ታጠፉታላችሁ። ለማስዋቢያ ለሚሰበስብ ሰው ግን ያኛው ነው ውዱ።

ካርቡራተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው) ላይ ደግሞ ጋሼ የሚያስገርም ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ መኪናዋ የምትነዳው የት ነው? ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። ለመተማ ቆላ የተስተካከለ ሶሌክስ (የቮልስ ካርቡራተር) እዚህ ሲመጣ ነዳጅ ያበዛል፣ ካንዴላ ያጠቁራል። የብራዚሉንም "ብራዚል ነው" ብለው ነው የሚሸጡት። ቮልስ ብራዚል ውስጥ እስከ 1996፣ ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 እንደ ፈረንጆቹ ትሠራ ስለነበር አዲስ የመሰለ ሁሉ ፎርጅድ አይደለም። ዋጋው ግን ከጀርመኑ መለየት አለበት፣ እሳቸውም ይለዩታል።

አሁን ወደ ወቀሳው። የላዳና የፊያት ዕቃ አንድ በርሜል ውስጥ ነው የሚጥሉት። "እናትና ልጅ ናቸው" ይላሉ። ላዳ ከፊያት 124 የተወለደች መሆኗ እውነት ነው፣ ሩሲያውያኑ ግን ሞተሩን ቀይረውታል። የላዳ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ካምሻፍቱን፣ ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ፣ ከላይ ይሸከማል፣ የመጀመሪያው ፊያት 124 ግን ከታች ነው። የኋላ ፍሬንም የፊያቷ ዲስክ ነው፣ የላዳዋ ባለ ሸራ ታምቡር። በርሜሉ ውስጥ እጃችሁን ከመክተታችሁ በፊት ይህን ያዙ። ጎማ ነክ ዕቃ ቆርቆሮ ስር በሙቀት ተቀምጦ ደርቋል፣ ጎንበስ ሲያደርጉት ይሰነጠቃል። ቦቢና (የካንዴላውን እሳት የሚያመነጨው) እና ስፒንትሮጀን (እሳቱን የሚያከፋፍለው) መሞከሪያ ባትሪ እንኳ የለም። ሲሞቅ የሚጠፋ ቦቢና ደግሞ ቀዝቅዞ ሸራ ላይ ተቀምጦ አይታወቅም። ኤሌክትሪክ አይመለስም የሚል ደንብም አላቸው፣ ቅር የሚለኝ ይሄ ነው።

ለመሸጥ የምትሄዱ ከሆነ፣ ዕቃውን በሽቦ ብሩሽ አትፈትጉት። ቁጥሩ ከዝገቱ ጋር ይሄዳል፣ ከቁጥሩ ጋር ደግሞ ዋጋው። ነጭ ጋዝ ውስጥ አሳድሩትና በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ጥረጉት፣ በቃ። ቀለም አትቀቡ። የተቀባ ዕቃ ያየ ገዢ የተደበቀ ስንጥቅ ነው የሚፈልገው። ፓራፋንጎና ኮፋኖ ከሆነ ጋሼ ማግኔት አስጠግተው ስቱኮ የተሞላበትን ቦታ ያገኙታል፣ ስለዚህ ራሳችሁ ብትነግሯቸው ድርድሩ ያጥራል። እሳቸው ወዲያው ከገዙ ዋጋ ይሰብራሉ። "ላስቀምጥልህ" ካሉ ሲሸጥ ከመቶ አሥር ይወስዳሉ፣ ለማይቸኩል ሰው ይሄኛው ይሻላል። የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም ወዲህ አሮጌዋን ማቆየት የሚፈልግ በዝቷል ይላሉ፣ ዋጋቸውም ይህንኑ ይናገራል። ለአንድ ስፒንትሮጀን 4,000 ብር ብለውኝ በ2,800 ተስማምተናል።

ሙሉ ሞተር ይዞ የመጣን ሰው ግን ሊብሬ ሳያዩ አያስገቡም። ቮልስ ላይ የሞተሩ ቁጥር ከዲናሞው መቀመጫ ስር ሞተሩ ላይ ተመትቷል፣ እሱን ከወረቀቱ ጋር ያስተያያሉ። ገዢ ከሆናችሁም የሊብሬውን ኮፒ ተቀበሉ፤ ያለዚያ ስም ዝውውር ላይ ትንገላታላችሁ።

ከሁለት ሰዓት በፊት ድረሱ፣ አራት ሰዓት ላይ ጥሩ ጥሩው አልቋል። ዝርዝር ብር ያዙ። ደረሰኝ የለም። ባጃጅ ካምቢዮ አይጭንም ብሎ ይከራከራል፣ ዋጋውን ቀድማችሁ ቁረጡ።