የብሎኑን ጥርስ የቆጠረችው ዶክተር

ድሬ ለእረፍት ሄጄ ከተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች ሁሉ አንደኛ የምለው የጥርስ ክሊኒክ ነው። ሆቴሉ ደህና ነበር፤ ኤሲው ግን ሌሊቱን ሙሉ ያጓራል። ባጃጅ ላይ ዋጋ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። እሱን በዚሁ ልለፈው።

ነገሩ የጀመረው አክስቴ ቤት ነው። ጥብስ በልተን መፋቂያ ይዤ ቁጭ አልኩ። ከታች በቀኝ በኩል ያለውን ኢምፕላንት (መንጋጋ አጥንት ውስጥ በብሎን የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ) ነካ ሳደርገው ደም። ህመም የሚባል የለውም። ከ7 ዓመት በፊት በምኖርበት አገር ነው ያስተከልኩት። በዓመት ሁለቴ እታያለሁ፤ «ጥሩ ነው» ተብዬ እወጣለሁ። አክስቴ «እየደማ ምኑ ነው ጥሩ?» ብላ ባጃጅ አስጠራችልኝ።

ክሊኒኩ ከዚራ፣ ዛፎቹ ጥላ ስር ነው። ለሦስት ሰዓት ተቀጥሬ አምስት ሰዓት ላይ ገባሁ። ለዚህ አንድ ኮከብ ቀንሻለሁ። መብራትም ሄዶ ጄኔሬተር እስኪነሳ ጠበቅን።

ዶክተሯ ወጣት ናት። ድሬ ነውና በአንቱታ አልተጨነቀችም፤ «አቦ ክፈተው በደንብ» አለችኝ። ሚሊሜትር የተጻፈበት ቀጭን ዘንግ ድዴ ስር አስገብታ ለካች። ሲጋራ? ስኳር? ጫት? (ጫቱን በሳቅ አለፍኩት።) ከዛ ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቀችኝ፦ «ጥርሱ ሲገጠምልህ የተነሳኸው ራጅ አለህ?»

ኢሜይሌ ውስጥ ተገኘ። አሮጌውንና እዛው የተነሳሁትን አዲሱን ራጅ ጎን ለጎን ከፍታ በእስክሪብቶ ጫፍ የብሎኑን ጥርሶች መቁጠር ጀመረች። በአሮጌው አጥንቱ ሁሉንም ሸፍኗቸዋል። በአዲሱ አምስቱ ራቁታቸውን ቀርተዋል።

«አጥንቱ በመጀመሪያው ዓመት አንድ፣ አንድ ተኩል ሚሊሜትር ቢወርድ አልደነግጥም» አለች። «ከዛ በኋላ በዓመት ከ0.2 ባያልፍ ነው ደጉ። ያንተ ወደ 4 ደርሷል።» ድዱ ብቻ ተቆጥቶ ቢሆን በማጽዳት ይመለስ ነበር። የወረደ አጥንት ግን በራሱ አይመለስም። አለማመሙም አያጽናናም፤ ብዙ ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚሄደው።

ያናደደኝ እዚያ ማዶ በየጊዜው ራጅ ሲያነሱኝ መኖራቸው ነው። ከድሮው ጋር ያስተያየው ሰው ግን የለም።

ዙሪያውን አጸዳችልኝ። በጥርስ መሃል የምትገባ ትንሽዬ ብሩሽ ሰጥታኝ መስታወት ፊት አለማመደችኝ፤ መፋቂያዬ እዛ ጥግ ደርሶ እንደማያውቅ ያኔ ገባኝ። «ድዱን ከፍቶ ማጽዳት ሳያስፈልግህ አይቀርም» አለች። «ግን በሁለት ሳምንት ትሄዳለህ። ማን ይከታተልሃል? እዛው አሠራው።» ገንዘቤን መቀበል ትችል ነበር እኮ!

የውጭ ካርድ አልሠራልኝም፤ ብር ይዛችሁ ሂዱ። ደረሰኝ ሳልጠይቅ ሰጡኝ። ሁለቱንም ራጆች በቴሌግራም ላከችልኝ። ለማዶው ክሊኒክ አስተላልፌያቸው መልስ እየጠበቅኩ ነው።