ዝግጁ የሐበሻ ቀሚስ ይሻላል ወይስ ጨርቅ ገዝቶ ማሰፋት?

ሰርግ ወይም በዓል በመጣ ቁጥር ጓደኞቼ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል። «ዝግጁውን ልግዛ ወይስ ጨርቅ ገዝቼ ላሰፋ?» መልሴ ሁሌም ያው ነው። ማሰፋት ይሻላል። በተለይ እንደኔ ትከሻችሁ ጠባብ፣ ዳሌያችሁ ሰፊ ከሆነ። ለእያንዳንዷ በድምፅ መልእክት ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ይለቅልኝ ብዬ ነው።

ባለፈው ዓመት የእህቴ ሰርግ ደርሶብኝ ዝግጁ ቀሚስ በቴሌግራም አዘዝኩ። 6,500 ብር ከፈልኩ። «ፍሪ ሳይዝ ነው፣ ለሁሉም ይሆናል» ብለውኝ ነበር። ሲመጣ ትከሻዬ ላይ ይንሸራተታል፣ ዳሌዬ ላይ ደግሞ አልወርድም አለ። ሰርጉ አምስት ቀን ቀርቶታል። ሰፈራችን ወዳሉት ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ይዤ ሮጥኩ። ገለበጡት፣ የጎኑን ስፌት አዩና «ልጄ፣ ምኑን ላስፋው? ትርፍ ጨርቅ እኮ የለውም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ስፌቱ ከጠርዙ ግማሽ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይርቅም። ያለን አማራጭ በሁለቱም ጎን ቁራጭ ጨርቅ ማስገባት ብቻ ነበር። የሚመሳሰል ቁራጭ ፍለጋ 900 ብር፣ ለእሳቸው 800 ብር፣ ትከሻው አልስተካከል ሲል ደግሞ ሌላ ሰፊ ጋ 600 ብር። ሲደመር 8,800 ብር ነው። ያንን ቀሚስ የለበስኩት አንድ ቀን ነው።

በኋላ ለራሴ ያሰፋሁትን እንመልከት። ጨርቁ ከነነጠላው ከሽሮ ሜዳ 5,200። ገበር 3 ሜትር፣ ሜትሩ በ250፣ 750። ዚፕና ክር 150። ለሙከራ የገዛሁት አቡጀዲ 450። የሰፊ 2,200። ድምሩ 8,750 ብር ይመጣል። ከዚያኛው በ50 ብር ያንሳል፤ እስካሁን አራት ጊዜ ለብሼዋለሁ፣ ገና ብዙ ይለበሳል። ዋጋው በየበዓሉ ስለሚቀያየር ቁጥሩን አትያዙት። ዝግጁ ቀሚስ ላይ የተጻፈው ዋጋ የመጨረሻው ዋጋ አለመሆኑን ግን ያዙልኝ።

ያ የመጀመሪያው ቀሚስ ሌላም ጉድ ነበረው። ጥበብ ያልኩት ጥበብ አልነበረም። የታተመ ነው። ያወቅኩት ሳጥበው ነው። እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት ጨርቁን ገልብጡት። በሸማኔ የተሠራ ጥበብ ከጀርባው ክሩ ሲሄድና ሲመለስ ይታያል፣ በጣት ሲዳሰስም ይሻክራል። የታተመው ከጀርባ ደብዛዛ ነው፣ ሲዳሰስም ልስልስ ነው። ሌላው ወርዱ ነው። በባህላዊው መሣሪያ የተሠራ ጨርቅ ወርዱ ጠባብ ነው፤ ሸማኔው መወርወሪያውን የሚልከው እጁ እስከሚደርስበት ስለሆነ። አንድ ሜትር ተኩል የሚሰፋ ወጥ ጨርቅ አውጥተው የእጅ ሥራ ነው ካሏችሁ ተጠራጠሩ። ሻጩ ፈቃደኛ ከሆነ ደግሞ ከነጩ ክፍል አንዲት ክር መዝዛችሁ ለኩሱ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸትና አመድ ይሆናል። ሰው ሠራሹ ይቀልጥና ጠጣር እንክብል ይሆናል። ከጥለቱ ግን አትምዘዙ። እውነተኛ ጥበብም ላይ የሚያብረቀርቅ ሰው ሠራሽ ክር ስለሚገባ ያሳስታችኋል።

ወርዱ ጠባብ መሆኑ ለኛ ለዳሌ ሰፊዎች ሌላ ትርጉም አለው። ቀሚሱ ከታች እንዲሰፋ በጎን የሚገባ ተጨማሪ ቁራጭ ስለሚፈልግ ጨርቁ እንዳያጥር ከመግዛታችሁ በፊት ሰፊውን ጠይቁ። ቆይቶ ያንኑ ጥለት ፍለጋ መሄድ ልፋት ነው። አንድ ሸማኔ የሠራውን በዚያው ቀለም መልሶ ማግኘት በጣም ከባድ ነው።

ጨርቁ ቤት እንደገባ ወደ ሰፊ አትሮጡ። መጀመሪያ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጥለቱ ላይ ከጀርባ ጫን አድርጉ። ቀለም ከለቀቀ ለሻጩ መልሱት። ካልለቀቀ በቀዝቃዛ ውኃ ነክራችሁ አሳድሩት፣ ጥላ ላይ ይድረቅ፣ ከዚያ ካውያ ይነካው። ፈትል ሲታጠብ ይሰበሰባል። የሚሰበሰበውን ያህል ከመቀደዱ በፊት ይሰብሰብ። ሳትነክሩ አሰፍታችሁ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ቁርጭምጭሚት ላይ የነበረው ቀሚስ ወደ ላይ ሲወጣ ማየት ያናድዳል።

አሁን ልኬት። ብዙ ሰፊዎች ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌና ቁመት ወስደው «በቃ» ይላሉ። አይበቃም። ከትከሻ እስከ ወገብ ያለውን ርቀት አስለኩ። ወገባችሁ ከፍ ያለ ወይም ዝቅ ያለ ከሆነ ቀሚሱ የሚበላሸው እዚያ ነው። የትከሻ ወርድ ለብቻው፣ የክንድ ዙሪያም ለብቻው ይለካ። ቁመት ስትለኩ የምትለብሱትን ጫማ አድርጉ። ትከሻችሁ ጠባብ ከሆነ ቀሚሱ በትከሻ ልክ ተቀድዶ ከዳሌ ይለቀቅ በሉ። በዳሌ ተቀድዶ ከላይ ይጥበብ ከተባለ አንገቱ አካባቢ ይንጠለጠላል።

አቡጀዲውን ለምን ገዛሽ ያሉኝ አሉ። ሰፊዬ ያን ውድ ጨርቅ ከመቁረጡ በፊት መጀመሪያ አቡጀዲውን ቆርጦ በረጅም ስፌት ለጊዜው ያዘውና አለበሰኝ። ተቀመጥኩበት፣ እጄን አነሳሁ፣ እስክስታም ሞከርኩ። ብብቴ ስር ያዘኝ፣ እሱን አስተካከልን። ዳሌው ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ጨመርን። ከዚያ ነው ጥበቡ የተቆረጠው። የተስተካከለውን የአቡጀዲ ቅድ ይዤው ወደ ቤት መጣሁ፤ የሚቀጥለው ቀሚስ በእሱ ይቆረጣል፣ 450 ብሩ ሁለቴ አይወጣም። እምቢ የሚል ሰፊ ካጋጠማችሁ ለሙከራው ጨምሬ እከፍላለሁ በሉት። ጎንና ጎኑ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ትርፍ እንዲተው፣ ጠርዙም እንዳይተረተር በኦቨርሎክ ማሽን እንዲመታ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የሸማኔ ጨርቅ ይተረተራል። ወልዳችሁ ወይም ወፍራችሁ ስትመለሱ ቀሚሱን የሚያድነው ያ ትርፍ ነው።

ዝግጁውን የምመክረው ለልጆች ነው፤ በዓመት ውስጥ ይጠባቸዋልና ማሰፋቱ አያዋጣም። ወገብ የሌለው ሰፊ ቀሚስ ለምትፈልጉም ይሆናል። ያኔም የጎኑን ስፌት ሳትገለብጡ አትክፈሉ።

ከአገር ውጭ ላላችሁ። ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ ራሷን ለክታ ላከችልኝ፤ ወገቧ በ4 ሴንቲ ሜትር ተሳስቶ መጣ። ራስን መለካት አይሆንም፣ ስትጎነበሱ ሜትሩ ይዛነፋል። ሌላ ሰው ይለካችሁ፣ በሴንቲ ሜትር ይጻፍ፣ ከፊትና ከጎን የተነሳ ፎቶም አብሮ ይላክ። ጊዜም ስጡ። ጨርቁ ሁዳዴ እንደገባ ቢገዛ ጥሩ ነው። ሰሙነ ሕማማት ላይ የመጣ ጨርቅ ለፋሲካ አይደርስም፤ ቢደርስም በጥድፊያ የተሰፋ ነው።